ለወንበሬ ያመለከተችው

ሐምሌ 1

ሲያትል አጠገብ ካለችው ከኬንት ከተማ አሥራ አንድ የአፈር ናሙና መጣ። አደረቅኩ፣ ፈጨሁ፣ ነፋሁ፣ መዘንኩ። ምሳ የትናንት ሽሮ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እንደ ልማዱ ሽታውን አመሰገነ፣ ከዚያ መስኮት ከፈተ።

ከሰዓት ጃኒስ ጠራችኝ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ናት። "ተጀመረ" አለች። ግሪን ካርዱን ማለቷ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለኔ ቋሚ መኖሪያ ከመጠየቁ በፊት ሥራዬን በጋዜጣ ማውጣት አለበት። ሥራውን የሚችል አሜሪካዊ ከመጣ... አለቀ። ካልመጣ ፋይሉ ይገባል። መግባት ያለበት እስከ መስከረም 20 ነው። ከዚያ ካለፈ ቪዛዬ አይራዘምም፤ በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ቪዛ ስድስት ዓመቴ ሲሞላ ሻንጣዬን መሸከፍ ነው።

"አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ። ማን አመለከተ ብለሽም እንዳትጠይቂ። ሕግ ነው።" ኦኬ አልኩ።

ለማንም አልነገርኩም። ለእማዬም። ጉዳይ ሳይሳካ አይወራም። ኢንጂነር ነኝ፣ በሰው ዓይን ምናምን አላምንም... ግን ለምን ይወራል?

ሐምሌ 6

እሑድ። ከቅዳሴ ስመለስ ጋዜጣ ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት።

የአፈር ምርመራ መሐንዲስ። የመጀመሪያ ዲግሪ። በሚያብጥ ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ የሦስት ዓመት የላቦራቶሪ ልምድ። ስለ ዳገት መንሸራተት የሚያውቅ። ቤልቪው። ሙሉ ጊዜ፣ ቋሚ።

ዋልካ በእጁ ያቦካ ሰው እዚህ አገር ስንት አለ? እኔ ነኝ እኮ። ስሜና ፎቶዬ ብቻ ቀረ። እኛ አገር ሰው እንዲህ ተዘርዝሮ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሲሞት ነው። ደስ አላለኝም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐምሌ 7

ማስታወቂያው ምሳ ክፍልም ተለጠፈ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ። አሥር የሥራ ቀን እዚያው ይቆያል። ሰው ሁሉ ምግቡ እስኪሞቅ ቆሞ ያነበዋል።

መስኮት ከፋቹ ልጅ መጣ። "ልትለቂ ነው?"

"አይ።"

"ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም?"

"ነው።"

"ሶ ክፍት ነው?"

"አይደለም።"

አየኝ። እኔም አየሁት። ምን ልበለው? ተቀምጬበት ክፍት የሆነ ወንበር ነው።

ሐምሌ 10

ምንም የለም። ጃኒስ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ፈገግ ትላለች። ጥሩ ምልክት ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 18

ዛሬ ፈገግ አላለችም። ጥርሷን አሟት ይሆናል።

ሐምሌ 21

ማስታወቂያው ወረደ። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀርቷል።

አራት ሰዓት ላይ ጃኒስ ላቦራቶሪ ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም፤ አቧራ ትፈራለች። "ያንቺ ስም፣ ሰናይት፣ እናንተ አገር ብዙ ነው?"

"አለ። ምነው?"

"እንዲሁ ነው።" ወጣች። ከበሩ ተመለሰች። "እህት የለሽም አይደል?"

"ለእናቴ አንድ ነኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። ሚዛን ላይ ያለውን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደመዘንኩት አላውቅም። ቁጥሩ አልያዝ አለኝ።

ሐምሌ 23

ከግሬግ ጋር ዳገት ለማየት ሄደን ነበር። ግሬግ አለቃዬ ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርም። ስንመለስ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ።

"መናገር የለብኝም" አለ። ከዚያ ተናገረ። አንድ ሰው አመልክቷል። አንድ ብቻ። ሴት። የኢትዮጵያ ልጅ። ዜጋ ነኝ ብላለች። የተማረችው እኔ የተማርኩበት፣ የሠራችው አዲስ አበባ እኔ የሠራሁበት ላቦራቶሪ፣ እዚያው ዋልካ ላይ። በብዙ ዓመት ትቀድመኛለች። ስሟ ሰናይት።

"አታውቂያትም?"

አላውቃትም። በዚያ ላብ ስድስት ሰው ነበርን። ሌሎቹን አምስቱን በአባታቸው ስም ልጠራ እችላለሁ።

"ብቁ ከሆነች..." አለ ግሬግ። አልጨረሰውም።

ሐምሌ 24

አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ለኢንጂነር ዘመድኩን። የድሮ አለቃዬ ናቸው፣ ላቡን ከጅምሩ ያውቁታል። ሰበብ ፈጠርኩ፦ የድሮ ሠራተኞች ማኅበር ልናቋቁም ነው አልኩ።

"ካንቺ በፊት? ሴት?" ሳቁ። "አንቺ ስትመጪ እኮ ለሴት ሽንት ቤት እንኳን አልነበረንም። ረሳሽው? ከኔ ቢሮ ቁልፍ እየወሰድሽ..."

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ልጄ፣ ካንቺ በፊት እዚህ ቤት ሴት አልገባችም።"

ታዲያ ማን ናት?

ሐምሌ 27

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቼሪ መንገድ ላይ ሀዋ ሱቅ ገባሁ፣ በርበሬ ልገዛ። ሀዋ ሒሳብ እየሠራች ቀና ብላ አየችኝ። "ረቡዕ በመስኮት አይቼሽ አንቺን አልመስል አልሽኝ" አለች።

"ረቡዕ ቤልቪው ነበርኩ። ሥራ ላይ።"

"ኧረ እዚህ ነበርሽ። በዚህ በኩል ወደ ጃክሰን መንገድ ስትወርጂ። ጠና ብለሽ፣ ወፈር ብለሽ... አገባች እንዴ ብዬ። አሁን ሳይሽ ደግሞ ያው ነሽ።"

ሰው ይመሳሰላል። እዚህ ሰፈር ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት ካፖርት ነው የምንለብሰው። ለሀዋ ያልኳት ይህንን ነው። በርበሬውን ግን ከፍዬ ጥዬው ወጣሁ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። በ550 አውቶቡስ ከፊቴ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣ ነበር። ከቤልቪው እስከ ሲያትል ማጅራቷን ሳይ መጣሁ። ጃክሰን ላይ ወረደች። ተከትለሽ ፊቷን እዪ አለኝ ልቤ። አልወረድኩም። ምን ፈራሁ? ባትመስለኝ ነው ወይስ ብትመስለኝ?

ነሐሴ 5

ጃኒስ በሯን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ልትነግረኝ እንደማይገባ አራት ጊዜ ነገረችኝ።

ለሴትዮዋ ኢሜይል አድርጋ መልስ አጥታለች። ስልክ ደወለች። ያነሱት አሮጊት ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ትንሽ። "የለችም፣ ሥራ ናት" አሉ። የት ነው የምትሠራው ስትላቸው "ቤልቪው" አሉና ዘጉ።

"የት ቤልቪው?" አልኩ።

"አላሉም። እኔንጃ... እዚህ ያለች ያህል ነው የተናገሩት።"

ሁለታችንም ሳናስበው ወደ ኮሪደሩ አየን። ከዚያ ሳቅን።

ነሐሴ 7

ለቃለ መጠይቅ በጽሑፍ ጠርተዋት ነበር፣ ዛሬ በእነሱ አሥር ሰዓት። መስታወት ያለው ክፍል፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ጃኒስና ግሬግ በአንድ በኩል፣ በሌላው በኩል ባዶ ወንበር። ከላቡ ሆኜ ይታየኛል።

ዐሥር ደቂቃ አለፈ። የመግቢያው በር ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት ነው። ተከፈተ። ማንም አልገባም። ተዘጋ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ብርጭቆዎቹን አነሱ። የሷ ግን ተጋምሷል? ግሬግ ጠጥቶት ይሆናል። ምን ነካኝ።

የድርጅቱ ጠበቃ ወስኗል፦ አንድ የአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላክላታል። በአሥር ቀን ካልመለሰች እንደማትፈልግ ተቆጥሮ ፋይሌ ይገባል። እልል ማለት ነበረብኝ።

ነሐሴ 16

ፍስክ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ምድር ቤታቸው ውስጥ ሁለት ዓመት ያኖሩኝ ናቸው፣ እሳቸውና እትዬ ውብአየሁ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ላይብረሪ ኮምፒዩተር ይማራሉ።

ጫማዬን ሳላወልቅ "ተደወለልሽ?" አሉኝ።

"ማን ይደውልልኛል?"

እትዬ ውብአየሁ ከጓዳ "አንተ ሰው፣ ሳይሆን አይወራም ያልከኝ አንተ አይደለህም?" አሏቸው።

"በቃ ልንገራት እንጂ፣ ወር አለፈው።"

ማኅደር አመጡ። ከላይ የተቆረጠ ጋዜጣ። የኔው ማስታወቂያ።

"እንዳነበብኩት አንቺን አየሁሽ። ይህ በልጄ ልክ የተሰፋ ነው አልኩ። ያለሽበት ኮንትራት ነው ብለሽኝ የለ? ይኸ ቋሚ ይላል።"

እውነት ነው፣ ኮንትራት ነው ብያቸው ነበር። ቪዛ ከማስረዳት ይቀላል። የድርጅቱን ስም ነግሬያቸው አላውቅም። ለምን ይነገራል?

ሁሉንም ራሳቸው ጽፈውታል፣ በሁለት ጣት፣ አራት ቀን ፈጅቶባቸው። ምድር ቤት ትቼው ከነበረው የድሮ ወረቀቴ ገልብጠው። የአዲስ አበባው የሥራ ደብዳቤ ከ2006 እስከ 2009 ይላል፤ በኛ አቆጣጠር ነው። እንዳለ አስገቡት። በፈረንጅ ሲነበብ እኔ ያኔ ገና ልጅ ነኝ። ስሜን ሁሉም አበሻ እንደሚጠራኝ ሰናይት ዘካሪያስ አሉ፣ በአባቴ። ቢሮ ግን በፓስፖርቴ መጨረሻ ባለው ያያቴ ስም ነው የሚያውቁኝ፣ ሰናይት ብሥራት። ስልኩ የእትዬ ውብአየሁ ነው፤ "አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ አታነሺማ።" ኢሜይልም አዲስ ከፍተውልኛል። የይለፍ ቃሉ ጠፍቷቸዋል።

ያች ሴት እኔ ነኝ። ስስቅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ጋሼ ቀጠሉ።

"አንድ ቦታ ዜጋ ነሽ ወይ ይላል። አዎ አልኩበት። አለዚያ ኮምፒዩተሩ አያሳልፍም። ዛሬ ባትሆኚ ነገ መሆንሽ ይቀራል?"

ሳቄ ቆመ። ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ያለ ሰው እዚህ አገር በሩ ለዘላለም ሊዘጋበት ይችላል። በስሜ ተጽፏል። በኔ ወረቀት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? የአደራ ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ ነበር፣ እንደታሸገ። "ካንቺ ጋር ልንከፍተው" አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቅቅሌን በላሁ።

ነሐሴ 19

ጠበቃው ጋ ደወልኩ። "ስለ አመልካቿ..." ስል አቋረጠኝ። ስለ አመልካች ካንቺ ጋር አንድ ቃል አላወራም፣ አንቺም አታውሪ፣ ሕግ ነው አለና ተሰናበተኝ።

ሶ ዝም ማለት ነው። አሥሩ ቀን ያልፋል፣ ሴትዮዋ ትቀራለች፣ ፋይሉ ይገባል። እኔ ምንም አላደረግኩም፣ ጋሼ አይነኩም። ከኔ የሚጠበቀው አለመምጣት ብቻ ነው።

ነሐሴ 22

አሥሩ ቀን አለፈ። ጃኒስ ዶናት ይዛ መጣች። "ጠፋች" አለች፣ ደስ ብሏት። ግሬግ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሁሉም በመጥፋቷ ደስ አለው። እኔም በላሁ። እሷ ግን ለምን አሳዘነችኝ?

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ጠዋት ካፊያ ነበር። ልጅ ሆነን የምንጠመቅበት ዝናብ።

እትዬ ውብአየሁ ደወሉ። ጋሼ እህል እምቢ ብለዋል። ላይብረሪም ትተዋል። "በኔ እንግሊዝኛ ነው ልጅቷ የቀረችው ይላል። ነገር አበላሸሁባት ይላል። ሱፉን አስተኩሶ አስቀምጧል፣ ረቡዕ ሄጄ እለምናቸዋለሁ ብሎ።"

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ቁጭ አድርጌያቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራው የኔው ሥራ እንደሆነ፣ የማንን ወንበር ለማን እንዳመለከቱ፣ መስከረም 20ን፣ "አዎ" ያሉባትን ቦታ። ያለቀ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ነገርኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ?"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ልጄ... ዓይን እንዳይበላው ብዬ።"

"እኔም።"

እትዬ ውብአየሁ አለቀሱ። ጋሼ አላለቀሱም። "ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ።" ለመንኳቸው። ከተናገሩ ይቆማል፣ ጊዜው አያደርሰኝም አልኩ። እሷ እኮ ጠፍታለች፣ ማንም አይፈልጋትም አልኩ።

"እነዚህ ሰዎች ወረቀት ያስቀምጣሉ እንጂ አይጥሉም" አሉ። "ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አረጀሁ ስትዪ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ቤት ገዛሁ ስትዪ ትመጣብሻለች። ያኔ እኔ የለሁም።"

አምርሬ ተናደድኩባቸው። ደግሞም ልክ ናቸው።

ጳጉሜ 5

መጡ። በሁለት አውቶቡስ። ናሙና ይዤ ስወጣ መስታወቱ ክፍል ውስጥ፣ ያች ባልመጣችበት ወንበር ላይ፣ በሱፍ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ። ጃኒስ ትጽፋለች። አንዴ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ማን መሆኔን የምታጣራ ነው የምትመስለው።

ፋይሉ ቆመ።

መስከረም 1

እማዬ ለእንቁጣጣሽ ደወለች። ለሷም ነገርኳት። "ምነው ሳይሆን ታወሪዋለሽ" ብላ ተቆጣችኝ።

መስከረም 12

ጠበቃው ዛሬ ስለ አመልካቿ ለማውራት ፈቀደ። እውነተኛ ሥራ ፈላጊ እንዳልነበረች፣ ማመልከቻው ሲገባም እኔ እንዳላወቅኩ በመሐላ ከተረጋገጠ ፋይሉን ማስገባት እችላለሁ ብሏል። ሊመረመር ይችላል። ውድቅም ሊሆን ይችላል። "አዎ" የሚለውን ነገር ግን የጋሼ ቃል ከኔ ላይ ያነሳዋል። ዝም ብዬ ቢሆንና በኋላ ቢገኝ ማንም አያተርፈኝም ነበር አለ። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ያንኑ ቀን ለደብሩ ሁሉ ነግረው ጸሎት አስይዘዋል። ሲያትል ያላወቀ ሰው የለም።

መስከረም 19

አንድ ቀን ሲቀረው። ቤልቪው፣ ጠበቃው ቢሮ። መሐላ የምታስፈርመው ሴት ማኅተሟን ይዛ ተቀምጣለች። ጋሼ እንግሊዝኛውን አይተው አስቀመጡት። "በአማርኛ አንብቢልኝ። ሳላውቅ ሁለተኛ አልጽፍም።"

አነበብኩላቸው። እኔ ገብረጊዮርጊስ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ በራሴ ፈቃድ፣ እሷ ሳታውቅ... እስከዚያ ደህና ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስደርስ ድምፄ ወረደ። "ሰናይት ዘካሪያስ የምትባል አመልካች በእውን የለችም። ኖራም አታውቅም።"

ብዕሩን አነሱ። "ይቺን ነው የምፈርመው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ዘካሪያስ አባትሽ አይደለም?"

"አባቴ ነው።"

"ነፍሱን ይማረው። ይቅር ይበለኝ።" ፈረሙ። ሴትየዋ ማኅተሙን ረገጠችበት። ጠበቃው ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና "ገባ" አለ። ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ በእነሱ። እጄን ጨበጠኝ። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት ገና ነው አለ፣ ግን ገብቷል።

ውጭ ፀሐይ ነበር። ጋሼ ደረጃው ላይ ቀስ ስለሚሉ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ስለ ወረቀቱ እያሰብኩ ነበር፣ መንግሥት ዘንድ ስለሚቀመጠው። ከኋላዬ "ሰናይት" አሉ። ሰማሁ። ሌላ ሰው የጠሩ መሰለኝና መንገዴን ቀጠልኩ። ሁለተኛ "ልጄ" ሲሉ ነው የዞርኩት።